«ቴሌ» ሲታተም «ቲሊ» እንዳይሆን፦ ስለ ቴሌኮም አርማ ፊደል ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቴሌኮም ኩባንያዎች አርማ ፊደል የሚናገር አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። ርእሰ ጉዳዩ መነሣቱን እደግፋለሁ፤ በአገራችን ስለ አርማ ሲነገር ቀለሙና ምልክቱ ይወራሉ እንጂ ስሙ የተጻፈበት ፊደል እምብዛም አያነጋግርም። ጽሑፉ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱም ብዙ ሰው ተቀብሎት በሥራ ላይ ሊያውለው የሚችል ዓይነት በመሆኑ፣ ደሴ ውስጥ ታፔላ፣ ስቲከርና ባነር በመሥራት እንደሚተዳደር ሰው ዝም ብዬ ላልፈው አልፈለግሁም።

የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ታላላቆቹ የዓለም ቴሌኮም ኩባንያዎች ሁሉም በመጨረሻ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል ደርሰዋል፤ እርሱም ሄልቬቲካና እርሱን የመሰለው፣ ጌጥ የሌለው፣ ውፍረቱ ወጥ የሆነው የላቲን ፊደል ነው። ይህ ፊደል የየትኛውም አገርና ዘመን ጠባይ ስለሌለበት ለሁሉም ይስማማል። የግዕዝ ፊደል ውፍረትና ቅጥነት ግን የብርዕ ቅሪት ስለሆነ ዘመናዊ ኩባንያን አይመጥንም፤ ስለዚህ የአገራችን ቴሌኮም ስም በግዕዝ ሲጻፍ ከላቲኑ ፊደላት በተወሰዱ ቀጥታ መስመሮችና ክቦች እንደገና ሊገነባ፣ ርዝመቱም ከላቲኑ ስም ርዝመት ጋር እኩል ሊሆን ይገባል። ደንበኛው የሚያውቀው ቀለሙን ስለሆነ በለውጡ ግር አይለውም። በመጨረሻም ጽሑፉ በክፍለ ሀገር ከተሞች አርማ የሚበላሸው በታፔላ ሠሪዎች እጅ ነው ይልና ደሴንና ኮምቦልቻን በምሳሌነት ይጠቅሳል።

ከመጀመሪያው ልነሣ። የአሜሪካው ቴሌኮም ቬራይዘን እ.ኤ.አ. በ2015 አርማውን ሲቀይር ፔንታግራም የተባለው የንድፍ ድርጅት ስሙን በሄልቬቲካ ወገን ፊደል እንደጻፈለት እውነት ነው። ኦሬንጅም እ.ኤ.አ. በ1994 በብሪታንያ ገበያ ከወጣ ጀምሮ በብርቱካንማው አራት ማዕዘን ውስጥ የሚታየው ስሙ የሄልቬቲካ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ነገር ግን ከሁለት ምሳሌ ተነሥቶ «ሁሉም» ማለት አይቻልም። የጀርመኑ ዶይቸ ቴሌኮም ቴሌ-ግሮቴስክ የተባለ የራሱን ፊደል ለብዙ ዘመን ሲጠቀም ቆይቶ፣ በኋላ ቴሌኒዮ የተባለ ሌላ የራሱን ፊደል አሠርቷል። ኖኪያ መጀመሪያ በፊደል ንድፍ ባለሙያው በኤሪክ ሽፒከርማን፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2011 ዳልተን ማግ በተባለው የለንደን ፊደል ሠሪ ድርጅት የራሱን ፊደል አሠርቷል። ቬራይዘን ራሱም የ2015ቱን አርማ በ2024 ለውጦታል። ጸሐፊው ሁሉም በመጨረሻ ደረሱበት ያለው ቦታ፣ እንግዲህ፣ ሁሉም ያልሄዱበት፣ ከሄዱትም አንዱ አርማውን እንደገና የለወጠበት ቦታ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው፣ ለእኔ ግን በቴሌኮም ታሪክ ውስጥ ትልቁ የፊደል ሥራ የሆነው፣ በአርማ ላይ የሚታይ አይደለም። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የስልክ ማውጫውን ፊደል ሊለውጥ ሲነሣ ሥራውን ለፊደል ንድፍ ባለሙያው ለማቲው ካርተር ሰጠ። ከዚያ በፊት ያገለግል የነበረው ቤል ጎቲክ እ.ኤ.አ. በ1938 ለብረት ፊደል ማተሚያ የተሠራ ስለነበር፣ ፊደልን በብረት ሳይሆን በብርሃን በሚለቅመው በአዲሱ የፎቶ መልቀሚያ መሣሪያ ሲሠራበት መስመሮቹ ይሳሱና ይቆራረጡ ነበር። ማውጫ የሚታተመው በርካሽና ስስ ወረቀት ላይ፣ በከፍተኛ ፍጥነት፣ በጣም ባነሰ መጠን ነው። ካርተር መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ፊደሉን ሸረፍ እያደረገ ክፍተት ተወለት፤ ቀለሙ በወረቀቱ ላይ ሲሰራጭ ክፍተቱን ይሞላዋል፣ ፊደሉም በታተመበት መጠን ትክክለኛ ቅርጹን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ፊደል ቤል ሴንቴኒያል ይባላል። በትልቁ ሲታይ ጠርዙ የተበላ ይመስላል፤ በማውጫው ገጽ ላይ ግን አንዱን አኃዝ ከሌላው ሳያሳስት ያስነብባል፤ በስልክ ቁጥር ላይ አንድ አኃዝ መሳት ደግሞ ሌላ ሰው ቤት መደወል ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ በፊት የተጠየቀው ፊደሉ ዘመናዊ መምሰሉ አልነበረም። የት ይነበባል፣ በምን ላይ ይታተማል፣ ሲታተም ምን ያበላሸዋል የሚለው ነበር። እኔም የግዕዙን ነገር የምመዝነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ሄልቬቲካ አገርና ዘመን የለውም ለሚለው ነጥብ ረጅም መልስ አያሻም። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1957 በስዊዘርላንድ፣ ሃስ በተባለው የፊደል ማምረቻ፣ በኤድዋርድ ሆፍማን መሪነትና በማክስ ሚዲንገር እጅ፣ የጀርመኑን አክሲደንስ ግሮቴስክን በገበያ ለመገዳደር የተሠራ ነው። አገርም፣ ዘመንም፣ ተፎካካሪም ነበረው። በየቦታው ስለተለመደ ጠባዩን ልብ የሚለው የለም ማለት ይቻላል፤ ጠባይ የለውም ማለት ግን አይቻልም። ጸሐፊው በዚሁ አንቀጽ ኢትዮ ቴሌኮም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አስተዳደሩን የኦሬንጅ ባለቤት የሆነው ፍራንስ ቴሌኮም በውል ይዞት እንደነበረ ያስታውስና የኦሬንጅ መንገድ ለእኛም ውርስ እንደሆነ ይናገራል። የውሉ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን የአስተዳደር ውል የፊደል ውርስ አያመጣም፤ አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ደንበኛው የመረጠው ነገር፣ በግዕዝ ፊደል ለሚያነብ የወሎ ሰው ልክ መሆኑ በሌላ ማስረጃ ሊረጋገጥ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። የግዕዝ ፊደል ውፍረትና ቅጥነት ከብርዕ የመጣ ነው መባሉ ትክክል ነው። ይህ መልክ በሁሉም ዘመን አንድ ዓይነት እንዳልነበረም እጨምርለታለሁ፤ ከደሴ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚታወቀው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ፊደል በጎንደር ዘመን ከተጻፉት መጻሕፍት ጉልህ ጽሕፈት የተለየ ነው። ስለዚህ የግዕዝ ፊደል አይነካም፣ አይለወጥም የሚል ክርክር የለኝም። ፊደሉ ከብራና ሌላ የማያውቅ ተደርጎ መቅረቡን ግን አልቀበልም። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት፣ ሮም ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው፤ ፊደሉ በብረት ከተቀረጸ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። አያና ብሩ በጽሕፈት መኪና ላይ ሊያሳርፉት ደክመውበታል። ከቴሌኮም ጋርም አዲስ ትውውቅ አይደለም፤ በቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ዘመን የአማርኛ ቴሌፕሪንተርን (ጽሑፍ በሽቦ የሚልክና የሚያትም መሣሪያ) የሠሩት ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የዚያው ቤት ሰው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የተጋፈጡት ችግር የፊደሉን ዘመናዊ መምሰል አይደለም፤ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑት ፊደላት በመሣሪያ ሲጻፉ አንዱ ከሌላው ሳይምታታ እንዲነበብ ማድረግ ነው። የዛሬውም ችግር ይኸው ነው።

«ኢትዮ ቴሌኮም» የሚለውን ስም ፊደል በፊደል እንመልከተው። ሕዝቡ ኩባንያውን የሚጠራው «ቴሌ» ብሎ ነው፤ ቴ እና ሌ ሁለቱም ኃምስ ናቸው። ኃምሱን ከሣልሱ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በቀኝ በኩል ከግርጌው ያለችው ቀለበት ናት። ቲ እና ሊ በዚያው ቦታ ላይ ቀለበት ሳይሆን አጭር ሰረዝ አላቸው። ቀለበቷ ከፊደሉ ቁመት የምትይዘው ድርሻ ትንሽ ነው፤ የውስጧ ክፍተት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በብርዕ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ቋሚውን መስመር አወፍሮ ቀለበቷን ቀጠን አድርጎ ስለሚሠራት፣ ፊደሉ ምንም ያህል ቢደምቅ ቀለበቷ አትዘጋም። ጽሑፉ እንደሚመክረው ውፍረቱን ወጥ ብናደርገውና ቀለበቷን በቋሚው ልክ ብናወፍራት ግን፣ ወይ ቀለበቷ ከመጠን በላይ ተልቃ ፊደሉን ታዛባለች፣ ወይ ውስጧ ይደፈናል። የተደፈነች ቀለበት ነጥብ ናት፤ ነጥብ ደግሞ ከሩቅም ሆነ በትንሽ መጠን ከአጭር ሰረዝ አትለይም። ያን ጊዜ «ቴሌ» የተባለው ስም «ቲሊ» ተብሎ ይነበባል። በላቲኑ የኦ ክፍተት የፊደሉን ቁመት ከሞላ ጎደል ስለሚይዝ ይህ አደጋ በቀላሉ አይደርስበትም፤ ቢደፈንም እንኳ ክብ ሆኖ ይቀራል እንጂ የሌላ ድምፅ ፊደል አይሆንም። በግዕዝ ግን የተደፈነው ኃምስ ሣልስ መስሎ፣ ማለትም ራሱን የቻለ ሌላ ፊደል ሆኖ፣ ይነበባል። የኮ ቀለበትና የም ሁለት ዓይኖች ሲጨመሩ፣ ከስሙ ሰባት ፊደላት ቢያንስ አራቱ ሊደፈን የሚችል ጠባብ ክፍተት የያዙ ናቸው።

ይህ ስጋት በእጄ የማውቀው ነው። አርማ የሚኖረው በአንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሲም ካርድ ማቀፊያ፣ በሞባይል ካርድ፣ በስልክ መተግበሪያ ምስል፣ ፒያሳና ሰኞ ገበያ መንገድ ዳር ሲም የሚሸጡ ወጣቶች በሚለብሱት ሰደርያና በሚዘረጉት ጥላ ላይም ይኖራል። በጨርቅ ላይ በስክሪን (ቀለም በወንፊት በሚያሳልፍ ማተሚያ) ሲታተም ቀለሙ ወደ ድሩ ይሰርግና ጠባቡን ክፍተት ይሞላዋል። በስቲከር ሲሆን ፕሎተሩ (የመቁረጫ መሣሪያው) የቀለበቷን ውስጥ ቆርጦ ሲጨርስ፣ ትርፉን በምንለቅምበት ጊዜ ቀጭን ጠርዟ አብሮ ይነሣል፤ ከቁጥር የማትገባ የምትመስል ይህች ሥራ በአንድ ታፔላ ላይ ሰዓታት ልትወስድ ትችላለች። በላይት ቦክስ ላይ ነጭ ፊደል ከኋላው ሲበራ ብርሃኑ ወደ ጎን ስለሚፈስ ፊደሉ ከተቆረጠበት መጠን ወፍሮ ይታያል፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ደግሞ መንገድ ማዶ ቆሞ ለሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚጠፉት ቀለበቶቹ ናቸው። የኮምቦልቻ ፀሐይና አቧራ በበኩላቸው የታተመውን ቀለም ያደበዝዙታል፤ በደበዘዘ ሰሌዳ ላይም የሚተርፈው ክፍተቱ ሰፋ ያለው ፊደል ነው።

ጸሐፊው አርአያ ያደረገው ሄልቬቲካም ቢሆን ወጥ ውፍረት የለውም። አግድም መስመሮቹ ከቋሚዎቹ ይቀጥናሉ፤ ቅስቱ ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት ቦታም ሆን ተብሎ ሳስቷል። ዓይን ወጥ ነው ብሎ እንዲቀበለው የተደረገው በእነዚህ ጥቃቅን ማስተካከያዎች ነው። ከዚህ ፊደል መማር የሚፈልግ ሰው መውሰድ ያለበት ይህን ጥንቃቄ ነው፤ መስመሮቹን ቆርጦ ወደ ግዕዝ ማምጣት ግን ጥንቃቄውን ጥሎ ቅርፊቱን መውሰድ ነው። ሄልቬቲካ ራሱ ወደ ሌላ ጽሕፈት በተወሰደበት ጊዜ የተደረገውን ማየት ይበቃል። ሊባኖሳዊቷ ናዲን ሻሂን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የዓረብኛውን ሄልቬቲካ ስትሠራ የላቲኑን ቁርጥራጮች አልገጣጠመችም፤ ኩፊና ነስኅ ከተባሉት የዓረብኛ አጻጻፎች ተነሥታ ከላቲኑ ጋር በድምቀትና በመንፈስ የሚጣጣም ፊደል አወጣች። በወሎ ዓረብኛና ዐጀም (በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) የሚያነብ ሰው ሞልቷልና ይህ ምሳሌ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ የአንድን ጽሕፈት ጠባይ ሳያፈርሱ ከሌላው ጋር ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚቻል ያሳያል።

በዚሁ ላይ ለጸሐፊው የምተወው ነገር አለ። ጌጥ የሌለው፣ ከብርዕ የራቀ የግዕዝ ፊደል ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ጉግል ያሠራው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በስልክ ገጽ ላይ በደንብ ይነበባል፤ ለረጅም ጽሑፍ በሚያገለግለው ኒያላ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ደግሞ በሩቅ ሰሌዳ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ለትልቅ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ወፈር ያለና ቀለል ያለ ፊደል እኔም እመርጣለሁ። ልዩነታችን ፊደሉ ከምን ይነሣ በሚለው ላይ ነው። እርሱ ከላቲኑ ክብና መስመር ይነሣ ይላል፤ እኔ በመጀመሪያ ሰባቱ ድምፆች እርስ በርሳቸው በሚለዩበት ምልክት ይነሣ፣ ቀለበቷም፣ ሰረዙም፣ የእግሩ ማጠርና መርዘምም በትንሹ መጠን ሳይቀር መለየታቸው ይረጋገጥ፣ ውፍረቱና ቅለቱ ከዚያ በኋላ ይወሰን እላለሁ።

የርዝመቱን ነጥብ የማነሣው በሥራ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ነው። «ኢትዮ ቴሌኮም» በግዕዝ ሰባት ፊደል ነው፤ በላቲን ግን አሥራ ሁለት ነው። ሁለቱን በአንድ ርዝመት ለማስተካከል ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንዱ ግዕዙን ወደ ጎን መጎተት ነው፤ በኮምፒውተር ሲጎተት ቋሚ መስመሮቹ ይወፍራሉ፣ አግድሞቹ በነበሩበት ይቀራሉ፣ ክብ የነበረችው ቀለበትም እንቁላል ትሆናለች። ሁለተኛው በፊደላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት መተው ነው፤ የዚህ ውጤት ቃሉ ተበትኖ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የቆመ መምሰሉ ነው። ሦስተኛው ሁለቱ መስመሮች እኩል እስኪረዝሙ ግዕዙን ማተለቅ ነው፤ ይህ ከሦስቱ የተሻለ ቢሆንም ላቲኑን ሊያሳንሰው ይችላል። እኔ ግን ሁለቱን መስመሮች በግራ በኩል አስጀምሮ በቀኝ በኩል በየራሳቸው ርዝመት እንዲያበቁ መተው እመርጣለሁ። ቁመታቸውም በመስመሪያ ብቻ ሊወሰን አይችልም። የላቲን ትንንሽ ፊደላት ከመካከላቸው ወደ ላይ የሚዘልቁ አሏቸው፤ ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ክፍፍል የለውም። ግዕዙ በላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ልክ ከተደረገ ያንሳል፣ ወደ ላይ በሚዘልቁት ልክ ከተደረገ ይገዝፋል፤ ትክክለኛው ቁመት በሁለቱ መካከል በዓይን የሚፈለግ ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች በአራት ማዕዘን ካርድ ላይ ጥሩ ሆነው እንደሚታዩ አልክድም፤ ካርዱ ያማረው ስሙ ተጎትቶ ከሆነ ግን ዋጋውን የከፈለው አንባቢው ነው።

ደንበኛው የሚያውቀው ቀለሙን ነው የሚለው ሐሳብ ከጽሑፉ ከራሱ ጋር ይጋጫል። ፊደሉ የማይታወቅ ከሆነ እንዲለወጥ መሟገት ለምን አስፈለገ? ከዚህም ሌላ ቀለም የሚሠራው ኩባንያው አንድ በነበረበት ጊዜ እንጂ ተፎካካሪ ከመጣ በኋላ ብቻውን አይበቃም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አገሩ ሁለት ኩባንያ አለው፤ የሁለቱንም ካርድ የሚሸጥ ሱቅ ደጃፍ ላይ ያለውን ሰሌዳ ሰው የሚለየው በማንበብ ጭምር ነው። ፀሐይ ያነጣውን ሰሌዳ ደግሞ በቀለም መለየት ጨርሶ አይቻልም።

በመጨረሻ የቀረው በእኛ በታፔላ ሠሪዎች ላይ የቀረበው ክስ ነው። አርማ በእጃችን ይበላሻል መባሉ በከፊል እውነት ነው፤ በደሴም በኮምቦልቻም የተጎተተ ስም፣ ፊደሉ ከዋናው የተለየ አርማ፣ ቀለሙ የሳተ ሰሌዳ አይቻለሁ። ጽሑፉ ግን መንስኤውን አልጠየቀም። አንድ ባለሱቅ የወኪልነት ሰሌዳ ሲያሠራ ብዙ ጊዜ ይዞልን የሚመጣው ከሌላ ሱቅ ሰሌዳ ላይ በስልኩ ያነሣውን ወይም በቴሌግራም የተላከለትን ደብዛዛ ምስል ነው። ከዚያ ምስል ላይ ምልክቱን በእጅ እንስለዋለን፤ ላቲኑን ስም የሚመስል ፊደል ፈልገን እንጽፈዋለን፤ ለግዕዙ ግን በኮምፒውተራችን ላይ ያለውን ፓወር ግዕዝ ወይም ኒያላ ከመጠቀም ሌላ ምርጫ አይኖረንም። ፋይል ሲገኝም ፊደሉ ወደ ከርቭ (በየትኛውም ኮምፒውተር ወደማይለወጥ የመስመር ቅርጽ) ሳይቀየር የመጣ ከሆነ፣ ያ ፊደል የሌለው ኮምፒውተር በሌላ ይተካዋል፤ ላቲኑ ብዙም ሳይለወጥ ግዕዙ ፍጹም ሌላ መልክ ይይዛል። ሠሪው ሊጠየቅ የሚገባው ትክክለኛው ነገር በእጁ እያለ ሲያበላሽ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ለቴሌኮም ኩባንያዎች ባቀረበው ምክር ላይ የሚከተሉት እንዲጨመሩለት እጠይቃለሁ። የስሙ የግዕዝ ፊደላት በራሳቸው ንድፍ ይሠሩ፤ የአርማው ፋይል ወደ ከርቭ ተቀይሮ ለእያንዳንዱ ወኪል ይሰጥ፤ በአርማ አጠቃቀም መመሪያው ላይ ለላቲኑ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን የተለየ፣ ለግዕዙ የሚሆን ዝቅተኛ መጠን በሚሊሜትር ይጻፍ፤ ከዚያ ላነሰ መጠን ደግሞ መስመሩ ቀጠን፣ የቴ እና የሌ ቀለበት ሰፋ ያለ ሁለተኛ ቅጂ ይዘጋጅ። ያ ቅጂ ከመጽደቁ በፊትም በጥላ ጨርቅ ላይ ታትሞ፣ በስቲከር ተቆርጦ፣ በላይት ቦክስ ላይ በርቶ መንገድ ማዶ በቆሙ ሰዎች ይነበብ።